ባዶው የድራም ወንበር

ባለፈው ጥር ለሠርግ ቡኢ ሄጄ ነበር። ቡኢን ላላየ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በቡታጅራ መንገድ ሲጓዝ የቲያን ትክል ድንጋዮች አለፍ ብሎ የሚያገኛት የሶዶ ወረዳ ከተማ ናት። በጥር መንገዱን የሚሞሉት አቧራና ሙሽራ ናቸው፤ ጥሩምባው እዚህም እዚያም ነው።

ከድንኳኑ ጥግ አንድ ወጣት ኪቦርዱን በብረት መቆሚያ ላይ ዘርግቶ፣ ሁለት ትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች ግራና ቀኝ አቁሞ ብቻውን ይጫወታል። ድራሙ፣ ቤዙ፣ ጥሩምባው ሁሉ ከዚያችው ጠፍጣፋ ሣጥን ይወጣል። ጨዋታው ሞቅ ብሎ፣ የጉራጌው ምት ጨፋሪውን ከመሬት እያነሣ በሚያፈርጥበት ሰዓት ምሳ ተባለ። ወጣቱ አንዲት ቁልፍ ተጫነና ወደ ክትፎው ሄደ። ከበሮው ግን አልቆመም። ጨፋሪውም አልቆመም። ባለቤት የሌለው ምት ያንኑ እየደጋገመ ሲመታ፣ ወጣቱ ከወዲያ ማዶ ቆሞ ቆጮውን ይቆርሳል።

አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «የኔ ልጅ፣ መቺው እዚያ ገበታ ላይ ነው፤ ታዲያ እዚህ የሚመታው ማነው?» አሉኝ። ሳቅሁ። እርሳቸው ግን አልሳቁም። መልስም አልነበረኝም።

ቀጥሎ መብራት ሄደ። መብራት ሲሄድ የሆነውን በኋላ እመለስበታለሁ። አስቀድሜ የአዛውንቱ ጥያቄ ማታ ያሳሰበኝን አንድ ቅጂ ላስተዋውቃችሁ። እኒያ አባት የጠየቁትን ጥያቄ አንድ ኢትዮጵያዊ ሙዚቀኛ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠየቅ ኖሯል፤ መልሱንም ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ አንድ ምሽት መድረክ ላይ ሰጥቷል።

የቅጂው ማንነት

ሙዚቀኛው ኃይሉ መርጊያ ነው። አንቱ ልለው የሚገባ የዕድሜ ባለጸጋ ቢሆንም፣ በአገራችን የጥበብ ገጾች ልማድ «እርሱ» እያልሁ እቀጥላለሁ። ዓመታቱንም በሸክላዎቹ ልባስ ላይ እንደሚታተሙት በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ጁላይ 1 ቀን 2016፣ በእኛ ሰኔ 24 ቀን 2008 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ በኒው ዮርክ ከተማ ብሩክሊን ውስጥ «ፓዮኒር ወርክስ» በሚባል የጥበብ ማዕከል ሦስት ሰዎች መድረክ ላይ ወጡ። ቤቱ ቀድሞ የብረት ሥራ ፋብሪካ የነበረ ሰፊ የጡብ ሕንፃ ነው። ኃይሉ በኪቦርዱ ፊት ተቀመጠ። ዓለምሰገድ ከበደ ቤዝ ጊታሩን ያዘ፤ ኬኔት ጆሴፍ ከድራሙ ኋላ ተሰየመ። የዚያ ምሽት ጨዋታ ተቀርጾ ሰባት ዓመት ተቀመጠና በ2023 «ፓዮኒር ወርክስ ስዊንግ» በሚል ስም፣ «ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» በተባለው የአሜሪካ አሳታሚ በኩል ወጣ።

ይህን ዓይነቱን ሙዚቃ ምን ብለን እንጥራው? ፈረንጆቹ ጃዝ ይሉታል፣ ፈንክ ይሉታል፣ አንዳንዴም «ሳይኬደሊክ» የሚል ቅጽል ይጨምሩበታል። ይህ ቅጽል በ1960ዎቹ አጋማሽ የተወለደ ሲሆን፣ ድምፁ የሚዋልል፣ የሚያስተጋባ፣ አንዱን ሐሳብ እያሽከረከረ አድማጩን ከሰዓቱ የሚያወጣ ሙዚቃን ይመለከታል። ትዝታን በክራር የሚያዳምጥ የእኛ ሰው ከሰዓቱ መውጣትን ከፈረንጅ መማር አያስፈልገው ይሆናል። የሆነ ሆኖ አምስቱ የቅኝታችን ድምፆች፣ የስድስት ምቱ ችክችካና የኤሌክትሪክ ኦርጋን በአንድ ቤት ሲገናኙ የሚወጣው ነገር ለሁሉም ቅጽሎች የሚበቃ ነው።

በሌሊቱ በር ላይ የተዘጋ ቁልፍ

ኃይሉ መርጊያ በ1946 ደብረ ብርሃን ተወለደ። በአሥር ዓመቱ አዲስ አበባ ገባ፤ በአሥራ አራት ዓመቱ አኮርዲዮን ተማረ። አኮርዲዮን በዚያ ዘመን የተከበረ መሣሪያ ነበር። በኋላ ኦርጋን መጣና ቦታውን ወሰደበት፤ ኃይሉም ከዘመኑ ጋር ወደ ኦርጋን ተሻገረ። በ1970ዎቹ የዋልያስ ባንድ ዋና ሰው ሆኖ በአዲስ አበባ ሒልተን ሲጫወት እናገኘዋለን።

ዋልያስ የአንድ ሰው ባንድ አልነበረም። ሞገስ ሀብቴ ሳክስፎኑን፣ መላኬ ገብሬ ቤዙን፣ ተማረ ሐረጉ ድራሙን፣ ግርማ በየነ ፒያኖውንና ቅንብሩን ይዘው የተሰባሰቡበት ነበር። በ1977 ያወጡት «ቼ በለው» የተባለው ሸክላ ከዘፋኝ ነፃ የሆነ፣ በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ በቫይብራፎን ተካፍሎበታል፤ የግርማ በየነ «ሙዚቃዊ ስልት»ም ዛሬ በየአገሩ ያሉ ባንዶች የሚጫወቱት በዚያ ሸክላ ላይ ስለተቀረጸ ነው።

ያ ሸክላ የወጣበትን ዓመት አንባቢ ልብ ይበል። 1977 ለአዲስ አበባ የቀይ ሽብር ዓመት ነው። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ የመጣው ሰዓት እላፊ የከተማይቱን ሌሊት ቆልፎታል። ሰው ከመሸ መንገድ ላይ መገኘት ስለማይችል፣ ሒልተን ለጭፈራ የገባ እንግዳ ሰዓት እላፊው ካገኘው ጎሑ እስኪቀድ እዚያው ያድራል። ባንዱም አብሮት ያድራል። ደጁ ጠመንጃ፣ ውስጡ ሳክስፎን። አሳልፎ የሚጫወት ሰው ያለውን ሁሉ ማውጣት ግድ ይሆንበታል፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ይረከባል፤ የአምስት ደቂቃ ዜማ ሃያ ደቂቃ ይሄዳል። እንግዲህ የእነዚያ ባንዶች ጉልበት የተፈተነው በሸክላው ላይ ሳይሆን በእነዚያ ሌሊቶች ነበር።

ቁጭቱ ግን እዚህ ላይ ነው። እነዚያ ሌሊቶች በአብዛኛው አልተቀረጹም።

አምሐ እሸቴ በ1969 በግል ሸክላ ማሳተም ከጀመረበት ጊዜ እስከ 1978 ድረስ፣ ፈረንሳዊው የሙዚቃችን ታሪክ አጥኚ ፍራንሲስ ፋልሴቶ እንደሚገምተው፣ 500 የሚጠጉ ባለ 45 ዙር ሸክላዎችና 30 ያህል ባለ 33 ዙር ሸክላዎች ታትመዋል። ባለ 45ቱ በአንድ ፊቱ የሚይዘው ከጥቂት ደቂቃ አይበልጥም። የሃያ ደቂቃውን ጨዋታ አጥፎ፣ አሳጥሮ፣ ራሱንና ጅራቱን ቆርጦ ነው የሚያቀርበው። ደኅና ስቱዲዮ ስላልነበረ ቀረጻው ራሱ በሆቴል አዳራሽ ይካሄድ ነበር። አይቤክስ ባንድ በ1976 በመሣሪያ ብቻ የተጫወተውን ሥራ የቀረጸው በራስ ሆቴል የጭፈራ አዳራሽ ነው። ኃይሉም ከዳህላክ ባንድ ጋር በ1978 ያወጣውን «ወደ ሐረር ጉዞ» የሠራው በግዮን ሆቴል ነው። አዳራሾቹ የጭፈራ አዳራሾች ነበሩ፤ በቀረጻው ሰዓት ግን ጨፋሪ አልነበረባቸውም። የተረፈልን የባንዶቹ ድምፅ ነው፤ ባንዶቹን ያነሣሣቸው የሕዝብ ትንፋሽ ቀርቷል።

አንድ ሰውና አንድ ማሽን

በ1981 ዋልያስ ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ማሕሙድ አህመድም ከተጓዦቹ አንዱ ነበር፤ የመርካቶው ልጅ፣ ዘሩ ከጉራጌ የሚመዘዘው ማሕሙድ። ጉዞው ሲያልቅ ከባንዱ ግማሹ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ኃይሉ፣ ግርማ፣ ሞገስና መላኬ እዚያው ቀሩ። ማንን እንወቅሳለን? በሰዓት እላፊ ታፍኖ የኖረ ሰው በር ተከፍቶ ሲያገኝ መውጣቱ አይፈረድበትም። ነገር ግን ያን ዕለት ዋልያስ ለሁለት ተከፈለ፤ የድራሙ ወንበር እዚህ፣ ኦርጋኑ እዚያ ቀረ።

አራት ዓመት እንለፍ። 1985 ነው። ኃይሉ ዋሽንግተን ውስጥ አንዲት ትንሽ ስቱዲዮ ገብቶ ብቻውን ተቀምጧል። አንድ ጊዜ አኮርዲዮን ይጫወታል። ቴፑን መልሶ በላዩ የሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ ይጨምርበታል። ደግሞ መልሶ ሙግ የተባለውን ሲንተሳይዘር ይደርብበታል። ምቱን የሚጠብቅለት ሰው ሳይሆን የድራም ማሽን ነው። እንዲህ ሆኖ የተወለደው «ሸሞንሟናዬ» የተባለው ካሴት የልጅነቱን አኮርዲዮን ከተረሳበት አንሥቶ ከአዲሱ ማሽን ጋር ያጋባ ሥራ ነው። ውበቱን የሚክድ የለም። ሲሰሙት ግን በምሽት አንድ ክፍል ውስጥ ብቻውን የሚያወራ ሰው ይመስላል። ይጠይቃል፣ ራሱ ይመልሳል። ማሽኑ አይደክምም፤ አይሰማምም። ጨዋታው ሲሞቅ አይፈጥንም፤ ሲያዝን አይዘገይም።

በአገር ቤትም ነገሩ በዚያው መንገድ ሄደ። ሸክላው ቀርቶ ካሴት ነገሠ። ነፋስ መሣሪያ ለያዘ ባንድ ደመወዝ መክፈል ከባድ ሆነ፤ ከፊሉ ሙዚቀኛ ተሰደደ፤ ኪቦርዱም የሁሉንም ድምፅ በርካሽ እሰጣለሁ ብሎ መጣ። በ1990ዎቹ የኪቦርድ ድምፅ የካሴቶቻችን መለያ ሆነ። በካሴቱ ልባስ ላይ የዘፋኙ ፎቶ ገዝፎ ሲታተም፣ ድራም የመታው ሰው ስም ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ ብዙ ጊዜም ድራም የመታ ሰው አልነበረም። የቡኢው ወጣት እንግዲህ የዚህ ታሪክ ልጅ ነው። አንድ ቁልፍ ተጭኖ ወደ ገበታ መሄድን እርሱ አልፈጠረውም፤ ወርሶት ነው።

ታክሲው፣ ካሴቱና ሦስቱ ሰዎች

ኃይሉም ከመድረክ ራቀ። ለብዙ ዓመታት በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነዳ፤ ደንበኞቹን በብዛት የሚያገኘው ከዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። ነገር ግን በመኪናው ሻንጣ ውስጥ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ይዞ ይዞር ነበር። ተራው እስኪደርስ ያወጣና ይለማመዳል። በዓለም ዋና ከተሞች ሸክላው በውድ የሚሸጥ ሰው፣ በታክሲ ሰልፍ መካከል ጣቱ እንዳይዝግ ይታገላል።

ከዚያ ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ላይ «ሸሞንሟናዬ»ን ካሴት አገኘ፤ ባለቤቱን ፈልጎ በ2013 እንደገና አሳተመው። «ቼ በለው» በ2014፣ «ወደ ሐረር ጉዞ» በ2016 ተከተሉ። ካሴቱ ሲሰማ ሰዎች ሰውየውን ለማየት ፈለጉ፤ ለመድረክ ተጠራ። ኃይሉ እዚህ ላይ ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው ማሽኑን ይዞ ብቻውን መቅረብ ነው፤ ካሴቱን ወዶ ለመጣ አድማጭ ይህ ብቻ ይበቃው ነበር። ሁለተኛው ቤዝና ድራም የሚጫወቱ ሰዎችን አጠገቡ ማስቀመጥ ነው። የመረጠው ሁለተኛውን ነው።

ሦስት ሰው ለምን? በዘመናዊው ሙዚቃ ሦስት ቁጥር የራሱ ታሪክ አለው። በ1968 የመጀመሪያ ሸክላውን ያወጣው የእንግሊዙ ሶፍት ማሽን ኦርጋን፣ ቤዝና ድራም ብቻ ይዞ ጃዝንና ሮክን አጋብቷል። ጂሚ ሄንድሪክስም ከቢሊ ኮክስና ከበዲ ማይልስ ጋር ሆኖ በ1970 አዲስ ዓመት ዕለት በኒው ዮርክ መድረክ የተጫወተው ተቀርጾ እስካሁን ይደመጣል። በሦስት ሰው ባንድ ውስጥ መደበቂያ የለም። ስምንት ሰው ሲሆን አንዱ ቢያጠፋ ሰባቱ ይሸፍኑታል፤ ሦስት ሲሆን አንዱ ዝም ካለ የቤቱ አንድ ግድግዳ ፈረሰ ማለት ነው። የእኛም አገር ሰው ይህን ያውቀዋል፤ አዝማሪው በማሲንቆው፣ ባልደረባው በከበሮው፣ ተቀባዩ በጭብጨባው የሚያቆሙት ጨዋታ ምን ሌላ ነው?

«በለው በዱቢ» የተባለው ዜማ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በ1985ቱ ካሴት ላይ አለ፤ በ2016ቱ የብሩክሊን መድረክም ተጫውቶታል። ሁለቱን አከታትሎ የሚሰማ ሰው የሠላሳ አንድ ዓመት ታሪክ ያዳምጣል። በመጀመሪያው ማሽኑ ያዛል፣ ኃይሉ ይከተላል፤ የተሰጠውን ፍጥነት አይለቅም። በሁለተኛው የዓለምሰገድ ቤዝ መሬቱን ይይዛል። ኬኔት ጆሴፍም በድራሙ ስድስቱን ምት አንዳንዴ በሁለት፣ አንዳንዴ በሦስት እየከፈለ መንገዱን ያሰፋለታል። ኃይሉ በዚህ ሜዳ ላይ እንደልቡ ይወጣል ይገባል። አንድ ሐረግ ሲደጋግም ድራሙ ሰምቶ ይከተለዋል፤ ድራሙ ሲያጠብቅ እርሱ ይለሰልሳል። በመጨረሻም ያ ከሸክላዎቻችን የቀረው ነገር፣ የሕዝቡ ጭብጨባና ጩኸት፣ ቅጂው ላይ አለ። በ1970ዎቹ ሒልተን ውስጥ የነበረውን ዓይነት ሌሊት፣ ሰባ ዓመት የሞላው ኃይሉ ከአገሩ በሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ለእኛ አስቀረልን።

ከዚያ ወዲህ ኃይሉ ወደ ማሽኑ አልተመለሰም። በ2018 የወጣው «ላላ በሉ»ም የሦስት ሰው ሥራ ነው፤ ቶኒ በክና ማይክ ማይኮቭስኪ የተባሉ ሁለት አውስትራሊያውያን ድራሙንና ቤዙን ይዘውለታል። በ2020ው «የኔ ምርጫ» ደግሞ የብሩክሊኖቹ ዓለምሰገድና ኬኔት አሉበት። የሥራው ስም ራሱ የሚናገር ይመስለኛል።

ወደ ቡኢ እንመለስ

አሁን መብራት ወደ ሄደበት ድንኳን እንመለስ። ማሽኑ በመሐል ምቱ ተቆረጠ። የሚጨፍረው ሁሉ አንድ እግሩን እንዳነሣ የቀረ መሰለ። ለአፍታ ጸጥ አለ፤ ወጣቱም እጁን ሳይታጠብ ወደ ኪቦርዱ ሮጠ፤ የሚሠራው ነገር ግን አልነበረም። ያኔ ከሴቶቹ በኩል አንዲት እናት ከበሮ ይዘው ብቅ አሉ። ከበሮው ከየት እንደመጣ አላየሁም፤ ቤት ውስጥ ነበር መሰለኝ። አንዷ መታች፣ ሌላይቱ አወጣች፣ የቀሩት በጭብጨባ ተቀበሉ። መጀመሪያ ዘገም ብሎ ነበር። ከዚያ ጨፋሪው ሲሞቅ ከበሮው ፈጠነ፤ ከበሮው ሲፈጥን ጨፋሪው ባሰበት። ማሽኑ ይህን ከቶ አያውቅም።

አዛውንቱ ወደ እኔ ዞረው፣ «አየህ ልጄ፣ አሁን የሚመታው ማን እንደሆነ አወቅን» አሉኝ።

ልቤ ወጣቱ ጋ ቀረ። ኋላ አጠገቡ ሄጄ አጫወትሁት። ሙያውን የሚወድ፣ ጆሮው የቀና ልጅ ነው። «ወንድሜ፣ ድራም የሚመታና ቤዝ የሚይዝ ጓደኛ የለህም እንዴ?» አልሁት። «አሉኝ» አለኝ። «ግን ሦስት ሆነን እንመጣለን ብል ደጋሹ የአንዱን ሒሳብ ለሦስት ተካፈሉ ይለኛል። ድራሙን የሚጭነውስ መኪና ማን ይከፍልለታል?» ይህን ሲለኝ ልወቅሰው አፍ አልነበረኝም። ደጋሹም ቢሆን ድንኳኑን፣ በሬውን፣ ቅቤውን ከፍሎ የጨረሰ ሰው ነው።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የኪቦርድ ክስ አድርጎ የሚያነብ ካለ ተሳስቷል። ኃይሉ መርጊያም የኪቦርድ ሰው ነው፤ በስደቱም ዘመን ያቆየው ያው መሣሪያ ነው። ክሱ መሣሪያው ላይ ሳይሆን ባዶ ወንበር ላይ ነው። ሰዓት እላፊው፣ ስደቱና ድህነቱ አጠገባችን ይቀመጡ የነበሩትን ሰዎች አንድ በአንድ አስነሡብን፤ በቦታቸው ቁልፍ ተተካ፤ እኛም ለመድነው። ሰዓት እላፊው ካለፈ ቆየ፤ ልማዱ ግን አብሮን ቀረ። ያ የብሩክሊን ምሽት የሚነግረን ልማዱ የማይሻር አለመሆኑን ነው። ብቻውን መጫወትን በ1985 ካሳዩት ሰዎች አንዱ የነበረው ኃይሉ፣ ዕድሉን ሲያገኝ መጀመሪያ ያደረገው ወንበሩ ላይ ሰው ማስቀመጥ ነበር።

በነጋታው ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ለወጣቱ ቅጂውን በስልኩ ላክሁለት። መልስ የጻፈልኝ ከሦስት ቀን በኋላ ነው። «ድራም መቺው ጓደኛዬ ጋ አብረን ሰማነው። ሦስተኛውን ዜማ ላይ ስንደርስ ጠረጴዛውን መምታት ጀመረ» ይላል። ሌላ አልጨመረም። እኔም ሌላ አልጠየቅሁም።